አማቴን ያለ ሚስማር ስሰቅል

አማቴ አራት ዓመት ሙሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ከቁም ሳጥናችን ጀርባ ቆመው ኖረዋል። በእኔ ላይ ለመፍረድ ከመቸኮላችሁ በፊት ላስረዳ፤ የቆመው ሥዕላቸው ነው። እሳቸው ራሳቸው ካረፉ ቆይተዋል። በሕይወት ሳሉ ያገኘኋቸው አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ያን ቀን ስለ እኔ የጠየቁት ነገር «የዚህ ልጅ ሥራው ምንድን ነው?» የሚል ነበር። መልሱን እኔም እስከ ዛሬ እየፈለግኩ ነው።

ሥዕሉን የሳሉት ወንድማቸው፣ የባለቤቴ የሰናይት አጎት ጋሽ ደምሴ ናቸው። ፍሬሙ ዋንዛ ነው፤ ፊቱ መስታወት። የሠራው አናጺ በር እንዲሠራ የታዘዘ መስሎት ሳይሆን አይቀርም። ከአዲስ አበባ ሲያትል ድረስ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ሁለት ሻንጣ የሚያክል ቦታ ይዞ መጣ። መጣና ከቁም ሳጥን ጀርባ ገባ።

ለምን አልተሰቀለም? እዚህ ከተማ ቤት የተከራየ ሁሉ መልሱን ያውቀዋል። የኪራይ ውላችን ግድግዳ መብሳትን ይከለክላል። ሚስማሩን፣ ብሎኑን፣ መንጠቆውን አንድ በአንድ ስም እየጠራ ይከለክላል። ያገሬ ሰዎች ይህን አንቀጽ የሚያስተናግዱበት ዘዴ አላቸው፤ ይበሳሉ፣ ቤቱን የሚለቁ ዕለት ቀዳዳዋን በነጭ የጥርስ ሳሙና ይደፍኗታል። ይህ ትምህርት በሲያትል ዙሪያ ከሬድመንድ እስከ ዴ ሞይን ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የኖረ ነው፤ ተቃዋሚ ተገኝቶለት አያውቅም። በፖለቲካ ተኳርፈው አንድ ሠርግ ላይ ሁለት ጥግ የሚቀመጡ ሰዎች እንኳ በጥርስ ሳሙናው ላይ አንድ ናቸው።

እኔን ያንገሸገሸኝም ይኸው አንድነታቸው ነው። ሰው ሁሉ የተስማማበት ነገር ሲገጥመኝ ገላዬን ይበላኛል። ደግሞስ ውሉን የፈረምኩት እኔ ነኝ። የሕንፃውን ማናጀር ስለምወዳት አይደለም፤ ሴትዮዋ አንድ ጊዜ ካርቶን እንዴት ታጥፎ እንደሚጣል ግማሽ ሰዓት አስተምራኛለች። ነገር ግን ፈርሜ ስበሳ፣ በስቼ ደግሞ ጥርስ ለሌለው ግድግዳ በጥርስ ሳሙና ስቦርሽለት ራሴን ሳስበው አልተዋጠልኝም። ስለዚህ አልበሳም አልኩ። አልበሳም ካልኩ በኋላ ደግሞ፣ እንደ ልማዴ፣ ሌላ ምንም አላደረግኩም።

ሰኞ ዕለት ግን ስልክ ተደወለ። ዴንቨር ከልጃቸው ጋር የሚኖሩት ጋሽ ደምሴ ለእሑድ ክርስትና እኛ አጠገብ ወዳለችው ሊንውድ ይመጣሉ። ቅዳሜ ምሳ እኛ ቤት ነው። ሰናይት ስልኩን ዘግታ ቁም ሳጥኑን ብቻዋን እየጎተተች ከግድግዳ አላቀቀችው።

«ቅዳሜ አባቴ ግድግዳ ላይ ነው» አለች።

«እንዴታ!»

«እንዴታ አትበለኝ። አራት ዓመት እንዴታ ብለኸኛል። ጋሼ ገብተው የሳሉትን ወንድማቸውን አቧራ ለብሶ መሬት ላይ ቢያገኙት ምን እላለሁ? ባሌ ፊርማውን ያከብራል እላለሁ?»

ብትል ምን ነበረበት? ግን ድምፅዋ ውስጥ የሰማሁት ነገር ቀልድ አልነበረም። ሥዕሉን በቀሚሷ ጫፍ እየወለወለች ነበር፤ መጀመሪያ ግንባራቸውን፣ ከዚያ ዓይናቸውን።

«በማግኔት እሰቅላቸዋለሁ» አልኩ። አንድ ቦታ አንብቤው ነበር።

«በምን?»

«በማግኔት። አንዲት ቀዳዳ ሳትኖር።»

«እስከ አርብ ሰጥቼሃለሁ» አለች። «ከዚያ በኋላ መዶሻውን የማነሳው እኔ ነኝ።»

ማግኔቶቹ በማግስቱ ደረሱ። መጠናቸው የሳንቲም ያህል፣ ማስጠንቀቂያቸው የክርክር ማመልከቻ ያህል ነው። ማስጠንቀቂያ አላነብም፤ እንደማልችል ቀድሞ የሚነግረኝን ወረቀት አልወድም። የመጀመሪያውን ማግኔት ሳወጣ የቤቱን ቁልፍ ከጠረጴዛ ላይ ነጠቀኝ። ሁለተኛውን ሳወጣ ዘሎ ከመጀመሪያው ጋር ተቃቀፈ። መሃላቸው የእኔ አውራ ጣት መኖሩ አንዳቸውንም አላሳሰባቸውም። ሰናይት በማማሰያ እጀታ ፈልቅቃ አላቀቀችኝ፤ ስታላቅቀኝም ከሚያስፈልገው ጊዜ ትንሽ የቆየች መሰለኝ።

የዚህ አገር ግድግዳ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ድንጋይም ጭቃም አይደለም። ቀጥ ብለው የቆሙ እንጨቶች ላይ የጂፕሰም ሰሌዳ በብሎን ተመትቶ፣ የብሎኑ ራስ በልስን ተሸፍኖ፣ ቀለም ተቀብቶበት ነው። በግንባርህ ብትገጨው የሚጎዳው እሱ ነው። ማግኔቱን ይዘህ ግድግዳውን እየደባበስክ ከሄድክ፣ የተሸሸገው ብሎን ጋ ስትደርስ ጥብቅ ይልልሃል። የመጀመሪያውን ሳገኝ ጮህኩ። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመኝ! ማክሰኞ ሳይመሽ የሳሎኑ ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ማግኔት በማግኔት ሆነ።

ሰናይት ከሥራ ገብታ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ አየችው። «ግድግዳው ኩፍኝ ወጣበት እንዴ?»

«አየሽ?» አልኳት። «ግድግዳው ድሮም ተበስቶ ኖሯል! እኔን የከለከሉኝን ነገር እነሱ በየስንዝሩ ሠርተውት ቀለም ቀብተውበታል!»

«እና አባቴ የታለ?»

ሴት ልጅ ትልቅ ግኝት ፊት ቆማ እንዲህ ያለ ጥያቄ የምትጠይቀው ለምንድን ነው?

ረቡዕ በማለዳ ከፍሬሙ ጀርባ ማግኔቶቹን በማጣበቂያ ደርድሬ፣ ከብሎኖቹ ጋር አስተካክዬ፣ ከሥር ሶፋውን በትራስ ሞልቼ አማቴን ሰቀልኳቸው። ያዙ! አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄጄ እጄን አጣምሬ አየኋቸው። የጥርስ ሳሙናውን ወገን ሁሉ በሐሳቤ ደርድሬ አንድ በአንድ ይቅርታ ሲጠይቀኝ ሰማሁ። ይቅርታው ሳያልቅ አማቴ አንድ ጣት ያህል ዝቅ ያሉ መሰለኝ።

መሰለኝ ሳይሆን ዝቅ ብለው ነበር። ማግኔት ሲከዳህ እንደ ሚስማር ዱብ አያደርግህም። ቀስ ይላል። አማቴ ደረጃ እንደሚወርድ ሽማግሌ በክብር ይወርዱ ጀመር፤ አንዱ ብሎን ሲለቃቸው ሌላው እየተቀበላቸው። ጠዋት ሻይ ስጠጣ ከመብራቱ ማብሪያ በላይ ነበሩ። ለምሳ ስመለስ ከማብሪያው እኩል ሆኑ። ሰናይት ስትገባ ሶፋው ላይ፣ በሁለት ትራስ መሃል፣ ዜና ሲከታተሉ አገኘቻቸው። ለካ ማግኔት ወደ ራሱ መሳብ እንጂ ሸክም መሸከም ሥራው አይደለም። ብዙ የማውቃቸው ምሁራንም እንዲሁ ናቸው።

ሐሙስ መኮንን መጣ። መኮንን የአውሮፕላን ማረፊያ አውቶቡስ የሚነዳ ጓደኛዬ ነው፤ ሌላው ሰው መኪናው ውስጥ ተጠባባቂ ጎማ እንደሚይዝ እሱ ድሪል ይይዛል። ድሪሉን እንደ ሕፃን አቅፎ ገባ።

«እሺ ፕሮፌሰር፣ ሰናይት ኮል አድርጋልኝ ነው። ሶ፣ የት ጋ ልብሳ?»

«የትም።»

«ሁለት ቀዳዳ፣ ሁለት ደቂቃ። ሺፍት አለኝ።»

«ሺፍትህን ሂዳ!»

«አንተ ሰውዬ ጤነኛ ነህ? የጥርስ ሳሙና ጨርሰህ ከሆነ መኪናዬ ውስጥ አለ።»

«ፈርሜያለሁ መኮንን።»

«ማን ያልፈረመ አለ? እኔ ስንት ነገር ፈርሜያለሁ! የፈረምኩትን ሁሉ ባደርግ መች እኖር ነበር?» አለና ሶፋው ላይ ካሉት አማቴ አጠገብ ተቀመጠ። ከመቀመጫው ብድግ ብሎ እጅ ነሳቸው። «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ቴሌቪዥኑ ይታይዎታል? ጎረምሳው እንዲህ ነው የሚያኖርዎት?»

ሰናይት ከወጥ ቤት ስትስቅ ሰማኋት። አላማረኝም።

«ይህ ከተማ ይንቀጠቀጣል» አልኩት። «መሬቱ አንድ ቀን ቢነቃነቅ ይህ ሁሉ መስታወትና ዋንዛ ከሚስማር ተነቅሎ ሰው አናት ላይ ነው። እኔ ስለ ደኅንነት ነው የማስበው።»

«በአንተ ማግኔት ደግሞ መሬቱ ሳይነቃነቅ ይወርዳሉ። ኦኬ፣ ደኅንነት ነው፤ ቀድመው መሬት ይጠብቁታል።» እንዲህ እያለ ድሪሉን የተረፉት ማግኔቶች የተቀመጡበት ጠረጴዛ ላይ ሊያኖር ጎንበስ አለ። አላኖረውም፤ ተቀበሉት። ሦስት ማግኔቶች በአንድ አፍታ ተነስተው መብሻውን ጨበጡት። መኮንን ጎተተ። በጉልበቱ ገፋ። እግሩን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ጎተተ። አልሰጡትም።

ላብ አጥምቆት ቀና ሲል ፊቱ ሌላ ነበር። «ይኼ ነገር ጉልበት አለው እንዴ!» አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ሺፍቱ አላነሳም፤ ደውሎ አሳውቆ ይሁን ዝም ብሎ ቀርቶ አላውቅም።

ሁለታችን ቁጭ ብለን ተማከርን። የብሎን ራስ ትንሽ ነው፤ የሚያስፈልገን ሰፊ ብረት ነው። ብረቱን ግድግዳው ላይ ቀለም ሳይልጥ በሚነቀል ማጣበቂያ ብንለጥፈው ማግኔቶቹ በሙሉ ጉልበታቸው ይይዙታል። ግን ብረት ከየት? ማግኔት ይዘን ወጥ ቤት ገባን። ድስቱ እምቢ አለ። ምጣዱ እምቢ አለ። የሚያብረቀርቀው ሁሉ እምቢ አለ። ብረት ነው ብዬ ስሸከመው የኖርኩት ዕቃ ግማሹ ብረት አለመሆኑን ያን ቀን ተረዳሁ። በመጨረሻ ከላይኛው መደርደሪያ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ለሠርጋችን የተሰጠን፣ ቀይ ጽጌረዳ የተሳለበት ትልቅ ትሪ ወጣ። ማግኔቱ ሳልደርስበት ከእጄ ዘሎ ያዘው።

እኔና መኮንን ተያየን። ያ ትሪ ለእንግዳ እንኳ ወጥቶ አያውቅም። ቀስ ብለን ዞር ስንል ሰናይት በሩ ላይ ቆማለች።

«እሱን ነው ግድግዳ ላይ የምትለጥፉት?»

 ትሪውን አየችው፤ ከዚያ አሻግራ ሶፋው ላይ ያለውን ሥዕል።

«ለአባቴ ከሆነ ይሁን» አለች። «ብትቧጭሩት ግን ሁለታችሁንም አልለቃችሁም።»

የትሪው ዙሪያ ከንፈር አለው፤ ያዳነን ያ ከንፈር ነው። ጀርባውን በማጣበቂያ ሞልተን ግድግዳው ላይ ለጠፍነው። የፍሬሙ የታችኞቹ ማግኔቶች ከትሪው የታችኛ ከንፈር ላይ ቁጭ አሉ። አሁን ክብደቱን ከንፈሩ ይሸከማል፣ ማግኔቱ ደግሞ የሚችለውን ሥራ ይሠራል፣ ይስባል። መኮንን በሁለት እጁ ነቀነቀው። በክርኑ ግድግዳውን ደበደበው። አማቴ ፀጉራቸው አልተነቃነቀም። ማታውን ጠበቅን፤ አርብ ጠዋትም እዚያው ናቸው።

ሰናይትን እጇን ይዤ አመጣኋት። አየች። ጭንቅላቷን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጋ አየች፤ ወደ ግራ አድርጋ አየች።

«ለምን ተለጠፈ?» አለች።

«እ?»

«እንደ ማስታወቂያ ተለጥፏል። እኛ ቤት ከላይ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ነበር የሚሰቀለው።»

ልክ ነበረች፤ ይህ ነው የባሰው። በእናቶቻችን ቤት ሥዕልና ፎቶ ሁሉ ከጣሪያው ሥር፣ በገመድ፣ ወደ ፊት ደፋ ብሎ ነበር የሚንጠለጠለው። የገባ እንግዳ ከታች ሲቀመጥ ባለ ፎቶዎቹ ከላይ ወርደው ምን ይዘህ መጣህ የሚሉት ይመስሉ ነበር። ከጀርባው ያለው ክፍተትም ሥራ ነበረው፤ የቤቱ ካርታ፣ የውሃ ደረሰኝ፣ የፈተና ውጤት የሚቀመጠው እዚያ ነው። ፈረንጅ ግን ሥዕል ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። ማግኔትም ፈረንጅ ነው፤ ካልተጣበቀ አይሠራም። ወረቀት እንኳ መሃል ቢገባ ጉልበቱ ይቀንሳል።

«ሰናይት፣ ይህ በተፈጥሮ ሕግ አይቻልም» አልኳት።

«መዶሻው የት ነበር?»

አይቻልም ያልኩትን ነገር የማደርገው እኔው ራሴ ነኝ። አርብን ሙሉ ከተፈጥሮ ጋር ታገልኩ። ማታ ላይ እንዲህ ሆነ፤ የታችኞቹ ማግኔቶች ትሪው ከንፈር ላይ እንደተቀመጡ፣ የላይኞቹን አላቅቄ፣ ከትሪው አናት ጋር በያዙ ሌሎች ማግኔቶች ላይ በአጭር ገመድ አሰርኳቸው። አማቴ ከወገባቸው በላይ ወደ ፊት ዘንበል አሉ።  ሰናይት ሶፋው ላይ፣ ልክ ከሥራቸው፣ ቁጭ ብላ ቀና ብላ አየቻቸው። «አባዬ» አለች። እኔ ወጥ ቤት ሥራ አለኝ ብዬ ሄድኩ።

ቅዳሜ መኮንን ጋሽ ደምሴን ከአውሮፕላን ማረፊያ ይዞልን መጣ። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ቤት ውስጥም ባርኔጣቸውን የማያወልቁ ሽማግሌ ናቸው። ሰናይትን አገላብጠው ሳሟት፣ ተቀመጡ፣ ቀና አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው መልሰው አደረጉ። ሰናይት የያዘችውን ብርጭቆ ማስቀመጥ ረሳች።

«ማነው ያዘነበለው?» አሉ።

«እኔ ነኝ ጋሼ» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። «ያለ አንዲት ሚስማር ነው።»

«ሚስማሩን ተወው! ለምን አዘነበልከው ነው የምልህ!»

«ጋሼ፣» አለች ሰናይት፣ «አባዬ ቤት እንዲህ አልነበረም እንዴ?»

«እናትሽ ቤት በይ! እኔ ይህን ሥዕል ለወንድሜ ስሰጠው በገዛ እጄ ቀጥ አድርጌ ነው የሰቀልኩት። በሳምንቱ ብመጣ ዘንብሏል። አቃናሁት። በሳምንቱ ብመጣ ዘንብሏል። እኔ ሳቃና፣ እናትሽ ስታዘነብል ዕድሜያችንን ፈጀነው። አንድ ቀን እንኳ አልተነጋገርንበትም!» ብድግ አሉ። «ወንድሜ ለሰው አጎንብሶ የማያውቅ ሰው! ለአለቃው እጅ አልነሳም ብሎ ዕድገቱን ያጣ ሰው! አሁን ቦይለር ሊጠግን ለመጣ ሁሉ ያጎንብስ?»

እኔ ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ የማውቀው በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንድ ሰው ጋር ሙሉ በሙሉ መስማማቴን ነው፤ ይህም አስፈራኝ።

ሰናይት ግን ብርጭቆውን አስቀመጠች። «እማዬ ታውቅ ነበር» አለች። «እንግዳ ሲገባ ባለቤት ዝቅ ይላል፣ በአካል እምቢ ያለኝን በሥዕሉ ያድርጋት እያለች ነበር የምታዘነብለው። እኔ የምትቀልድ ይመስለኝ ነበር።»

 ጋሽ ደምሴ እጃቸውን ዘርግተው የፍሬሙን አናት ገፉት። መኮንን ከሥር ሁለት እጁን እንደ በረኛ ዘረጋ።

ጠቅ!

አማቴ ቀጥ አሉ። ሽማግሌው ደነገጡ፤ እጃቸውን አዩ። ቀስ ብለው መልሰው ሳቡት፤ ዘነበለ። ገፉት። ጠቅ! «ይሄማ ጥሩ ነው» አሉ፣ ፊታቸው በአንዴ ሠላሳ ዓመት ወርዶ። «በገመድ ሳለ አንድ ማቃናት ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኝ ነበር።»

እጃቸውን ሊታጠቡ ሲገቡ ሰናይት ከተቀመጠችበት ተነስታ አዘነበለችው። ወጥተው ሲያልፉ፣ ቀና ሳይሉ፣ ጠቅ አደረጉት። በምሳው መሃል ለስልክ ወደ በረንዳ ወጡ፤ ዘነበለ። ገቡ፤ ጠቅ። ማንም ስለ ነገሩ አላወራም። ወጡ ጣፋጭ ነው፣ ዴንቨር በረዶ ጥሏል፣ እየተባለ አማቴ በላያችን ሲጎነበሱና ሲቃኑ ዋሉ። መኮንን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ሚስማር ቢሆን ኖሮ እስካሁን ተነቅሏል» አለኝ። ጮክ ብለህ ንገራቸው ብለው ግን እምቢ አለኝ።

ሲሄዱ በር ላይ ሰናይትን አቅፈው «ቀጥ እንዳለ ይቆይ» አሏት። «እሺ ጋሼ» አለች። በሩ ተዘጋ። የሊፍቱ ደወል ሳይሰማ ሳሎን ደርሳ ነበር።

በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ደምሴ ባርኔጣዬን ረሳሁ ብለው ተመልሰዋል። ባርኔጣው ጭንቅላታቸው ላይ ነበር። በትከሻዬ ላይ አሻግረው ወደ ግድግዳው አዩ፤ ሰናይት እጇ ገና ፍሬሙ ላይ ነው። ገብተው አጠገቧ ቆሙ፤ ጠቅ አደረጉት።

«እናትሽ እንኳ» አሉ፣ «እስክርቅ ትጠብቅ ነበር።»

«እኔ የአባቴም ልጅ ነኝ» አለችና፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየች፣ መልሳ አዘነበለችው።